የቻይናውያን በር ላይ ያሉት ሁለት ታጣቂዎች

በቻይናውያን በር መዝጊያዎች ላይ የሚለጠፉት የሁለት ታጣቂዎች ሥዕሎች ለብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል። አይደሉም። መንሸን የሚባሉ የበር አማልክት ናቸው፤ ክፉ መንፈስ ደጃፉን እንዳያልፍ ይጠብቃሉ።

ደንቡ አንድ ነው፦ ፊት ለፊት ይተያዩ። በግራው መዝጊያ ላይ ያለው ወደ ቀኝ፣ በቀኙ ላይ ያለው ወደ ግራ ይመለከታል። ቻይናውያን የተኳረፉ ሰዎችን እንኳ በተቃራኒ ከተለጠፈ መንሸን ጋር ያመሳስላሉ። ሥዕሉ የሚታደሰው ለቻይና አዲስ ዓመት ነው።

ማንነታቸው ግን ይለያያል። ዛሬ የሚበዙት የታንግ ሥርወ መንግሥት ጄኔራሎቹ ቺን ሹባው እና ዩቺ ጎንግ ናቸው። እንደ አፈ ታሪኩ፣ እ.ኤ.አ. ከ626 እስከ 649 የነገሠው የታንግ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ መናፍስት እንቅልፍ ሲነሱት ሁለቱ በሩን ጠብቀው አደሩ። ንጉሡም ተኛ። በየሌሊቱ እንዳይደክሙ አዝኖላቸው ሥዕላቸውን አስለጠፈ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ልማዱ ራሱ ግን ከእነሱ ብዙ ይቀድማል። ከታንግ በፊት በነበረው በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን በር ጠባቂዎቹ ሼንሹ እና ዩሉ ነበሩ።