የዱር እንጉዳይን ቆቡን አይቶ ማመን

«መርዛማ እንጉዳይ ደማቅ ነው» ይባላል። ቀዩን ባለነጭ ነጠብጣብ በተረት ሥዕል ላይ እያየን ስላደግን ይመስለኛል። በእንጉዳይ መርዝ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የሚገድለው አማኒታ ፋሎይደስ ግን ፈዘዝ ያለ የወይራ አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ነጭ። ሲያዩት ጨዋ ይመስላል። ደግሞ ዝናብ የመታው ቆብ ቀለሙ ይለቃል።

ስለዚህ ገልብጡት። ከቆቡ ሥር እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተደረደሩ ስስ ንብርብሮች አሉ። ሽንሽኖቹ ግንዱን ይነካሉ? ሳይደርሱ ይቆማሉ? ወይስ በግንዱ ላይ ወደ ታች ይወርዳሉ? የገበያው እንጉዳይ ወገን የሆነው አጋሪከስ ሽንሽኑ መጀመሪያ ሮዝማ ነው፤ ሲያረጅ ቸኮሌት ይመስላል። የአማኒታ ፋሎይደስ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

«የሽንሽኑ ቀለም ያው የስፖሩ ቀለም ነው» የሚለውም ያሳስታል፤ ስፖር ማለት እንጉዳይ የሚራባበት እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ነው። ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ የተባለው መርዛማ እንጉዳይ ለጋ ሳለ ሽንሽኑ ነጭ ነው፤ ስፖሩ ግን አረንጓዴ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ግንዱን ቆርጣችሁ ቆቡን፣ ሽንሽኑ ወደ ታች ሆኖ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ብርጭቆ ድፉበትና እደሩ። ጠዋት ቆቡን ስታነሱ የሽንሽኑ መስመር አንድ በአንድ በዱቄት ታትሞ ታገኙታላችሁ። ነጭ ስፖር ጥቁሩ ላይ፣ ጠቆር ያለው ነጩ ላይ ይጎላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አነቃቀሉ ላይ ነው። ግንዱን ከመሬት በላይ ቀንጠስ ማድረግ ይበቃል ይላሉ። አይበቃም! አማኒታ ፋሎይደስ ከሥሩ የሚያቅፈው ነጭ ከረጢት አፈር ውስጥ ነው የሚቀረው። በቢላ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነሥሩ አውጡት። ያልፈነዳ እንቁላል የሚመስል ካገኛችሁ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት፤ ለጋ አማኒታ ከሆነ ቆብና ግንዱ ውስጡ ተጣጥፈው ይታያሉ።

የብር ማንኪያ ካላጠቆረ፣ ቆዳው ከተላጠ፣ ቀንድ አውጣ ከበላው ይበላል የሚሉትን እርሷቸው። አማኒታ ፋሎይደስም ይላጣል። እንጨት ላይ የበቀለ ሁሉ ደህና ነው ማለትም ስህተት ነው፤ ትንሹ ቡኒ ጋለሪና ማርጂናታ እንጨት ላይ በቅሎ ያንኑ መርዝ ይይዛል።

«ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል»? የነዚህ የሁለቱ መርዝ አማቶክሲን ሙቀትም ሆነ ማድረቅ አይበግረውም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከበሉ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ይጀምራል። ከዚያ ተቅማጥና ትውከቱ ጋብ ሲል ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ጉበት ግን እየተጎዳ ነው። የተጠራጠረ ሰው ሕመሙን ሳይጠብቅ ሐኪም ቤት ይሂድ። የተረፈ እንጉዳይ ካለ ይዞ፣ ከተቻለም ከነሥሩ።