መነጻጸሪያ ዋጋ ምንድን ነው? የኪሮሽ ስጦታን የሚያረክሰውስ እንዴት ነው?

መነጻጸሪያ ዋጋ ማለት ገዢ አንድን ዕቃ ሲያይ «ይህ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ በልቡ የሚይዘው ቁጥር ነው። ሻጩ የጠራው ዋጋ ውድ ወይም ርካሽ የሚሆነው ከዚህ ቁጥር ጋር ተያይቶ ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ቀድሞ ከተገዛ ተመሳሳይ ዕቃ፣ ከጎረቤት ሱቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማስታወቂያ ነው። «2,000 ብር የነበረው አሁን 1,200 ብር» የሚል ጽሑፍ ሲለጠፍ 1,200 ብሩን ርካሽ ያስመሰለው አጠገቡ የተጻፈው 2,000 ነው፤ በ2,000 ብር የገዛው ሰው ኖረም አልኖረም።

በእጅ የተሠራ ስጦታ እንዲህ ዓይነት ቁጥር የለውም። የዳንቴል የጠረጴዛ ልብስ ወይም የኪሮሽ የሕፃን ብርድ ልብስ በቴሌቪዥን አይተዋወቅም፣ የዋጋ ወረቀት አይንጠለጠልበትም፣ ስሙ የታወቀ ካርቶን ውስጥ አይገባም። ተቀባዩ ግን ስጦታውን ሳይለካ አያልፍም። ስለዚህ በቅርብ የሚያውቀውን መስፈሪያ ያነሳል፤ ይኸውም ከሱቅ የሚገዛው የፋብሪካ ሹራብ ወይም በሜትር የሚቆረጠው የፕላስቲክ ዳንቴል ነው። መስፈሪያው የሌላ ዕቃ በመሆኑ ልኬቱ ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ነው።

ማስታወቂያ ይህን ቁጥር ከምንም ተነሥቶ ሊተክለው እንደሚችል ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የአልማዝ ቀለበት ነው። ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ኤን ደብሊው አየር የተባለውን የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን መፈክር በ1947 የጻፈችው የድርጅቱ ባልደረባ ፍራንሲስ ጌሬቲ ነበረች። ቆየት ብሎ የወጡት ማስታወቂያዎች አንድ ወንድ ለቀለበት ስንት ማውጣት እንዳለበት ጭምር ያስተምሩ ጀመር፤ ለአሜሪካውያን የሁለት ወር ደሞዝ፣ ለጃፓናውያን የሦስት ወር። ፍቅር በወር ደሞዝ እንዲቆጠር የወሰነው ሻጩ ራሱ ነው። ቁጥሩ አንዴ ከተተከለ በኋላ ከዚያ በታች የሰጠ ሁሉ ያጎደለ መሰለ፤ በገንዘብ ያልተገዛ ስጦታም ጭራሹን ከመለኪያው ውጭ ቀረ።

የእናቶች ቀንም የደረሰበት ከዚህ ብዙም አይርቅም። በአሜሪካ በዓሉ እንዲከበር የታገለችው አና ጃርቪስ ናት፤ የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት በ1908 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ግራፍተን ከተማ ተካሄደ፣ በ1914 ደግሞ ፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን በአዋጅ አጸደቁት። አበባ ሻጮች፣ የካርድ አታሚዎችና የከረሜላ ኩባንያዎች ቀኑን ሲወርሱት ጃርቪስ የቀረ ዕድሜዋን እነርሱን በመቃወም አሳለፈች። ልጅ ለእናቱ በገዛ እጁ ደብዳቤ እንዲጽፍ እንጂ የታተመ ካርድ እንዲልክ አልፈለገችም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በግንቦት ወር በየማኅበራዊ ገጹ የሚዘዋወረው «ለእናትዎ ይህን ይግዙላት» ማስታወቂያ የተወለደው እርሷ ከተቃወመችው ንግድ ነው።

ወደ ኪሮሹ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ዋና ነገር እዚህ ነው። ሹራብ በማሽን ይሠራል፣ ኪሮሽ ግን አይሠራም። የሹራብ ማሽን በአንድ መስመር ያሉትን ቀለበቶች ሁሉ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው መርፌ ላይ ይዞ ቀጣዩን መስመር ያሳልፍባቸዋል። በኪሮሽ ግን እያንዳንዱ ዓይን፣ ማለትም በመርፌው የሚሠራው አንድ ቋጠሮ፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። በአብዛኛው ሥራ ዓይኑ ሲያልቅ መርፌው ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ሲሆን፣ መርፌው ቀጥሎ የሚገባበት ቦታ እንደ ንድፉ ይለያያል፤ አንዴ በዓይኑ ራስ፣ አንዴ በሰንሰለቱ ሥር ባለው ክፍተት፣ አንዴ በግንዱ (በዓይኑ ቋሚ ክፍል) ዙሪያ። ይህን ቀዳዳ የሚያገኙት የሠሪዋ ጣትና እይታ ናቸው። በዚህ ላይ ምርምር የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ገበያውን የሚሞላ የኪሮሽ ፋብሪካ ግን የለም። ስለዚህ በሱቅ በርካሽ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ ካዩ እርሱም በሰው እጅ የተሠራ ነው። ርካሽ የሆነው ማሽን ስላገዘው ሳይሆን ለሠራተኛዋ የተከፈላት ጥቂት ስለሆነ ነው። ያን ዋጋ መነጻጸሪያ ማድረግ በደሉን መለኪያ ማድረግ ነው።

ማስመሰያውን መለየት ይቻላል። «የኪሮሽ ማሽን» የሚባለው መሣሪያ በእውነቱ ቁመቱን የሚሄዱ ቀጭን የሰንሰለት መስመሮችን በአግድም ክር የሚያያይዝ የሹራብ ማሽን ዘመድ ነው፤ ጨርቁን ዘርጋ ሲያደርጉት እነዚያ መስመሮች ቀጥ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያሉ። ሌላው ማስመሰያ በሚሟሟ ጨርቅ ላይ በጥልፍ ማሽን ተሠርቶ ጨርቁ ታጥቦ የሚወገድለት ዳንቴል ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ክሩ ወዲያና ወዲህ የተደራረበ ነው እንጂ ቀለበት በቀለበት ውስጥ አልገባም። በእጅ የተሠራው ላይ ግን የእያንዳንዱ ዓይን ራስ የተኛ ሰንሰለት ይመስላል፣ ከሥሩም የተጠመጠመበት ግንድ ይቆጠራል።

ትክክለኛው መነጻጸሪያ እንግዲህ ሰዓት ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። በሚሠሩበት ክርና መርፌ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ናሙና ሠርተው ጊዜውን ይያዙ። ለምሳሌ በመካከለኛ ውፍረት ክርና በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ጠምጥሞ በሚሠራው ረጅም ዓይን፣ ናሙናው 13 ዓይን በ7 መስመር ገደማ ይሆናል፤ ይህም 91 ዓይን ነው። በደቂቃ 10 ዓይን የምትሠራ እጅ 9 ደቂቃ ይወስድባታል። 80 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ 64 እንዲህ ያሉ ናሙናዎች አሉት፤ ወደ 10 ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ዙር ጠርዝ፣ የክር ጫፎችን መደበቅ፣ ማጠብና ቅርጽ ማስያዝ ሲጨመር 12 ሰዓት ይሞላል፣ ክሩም ባለ 100 ግራም አራት ጥቅል ገደማ ነው። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው አንድ ቀን ተኩል መሆኑ ነው።

ዳንቴል ሲሆን ቁጥሩ ይመነጠቃል። በቀጭን የጥጥ ክርና በ1.5 ሚሊ ሜትር መርፌ ያው ናሙና 35 ዓይን በ15 መስመር ገደማ ይደርሳል፤ 525 ዓይን። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ የጠረጴዛ ልብስ ግማሹ ክፍት ቀዳዳ ቢሆን እንኳ በዚያው ፍጥነት ወደ 100 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከአሥራ ሁለት የሥራ ቀን በላይ። «ክሩን እኔ እገዛለሁ፣ አንቺ ሥሪልኝ» የሚለው የተለመደ ልመና ከጠቅላላው ወጪ ትንሹን ከፍሎ ትልቁን በነፃ መጠየቅ ነው። ክር የገዛው ሰው ዕቃው የተከፈለበት ይመስለዋል፤ ገንዘብ ሲወጣ ያየው ለክሩ ብቻ ነውና። ሴቶች ማታ ከቤት ሥራ በኋላ ተቀምጠው ስለሚሠሩት ሰዓቱ ዋጋ እንደሌለው መቁጠር ትክክል አይደለም። የአካባቢዎን የቀን ሥራ ክፍያ በ8 ያካፍሉና በሰዓቱ ያባዙት፤ ክሩን ይጨምሩበት። የሚወጣው ቁጥር የሱቁን ዋጋ ብዙ ጊዜ እጥፍ ድርብ ያልፈዋል፤ ያም ሆኖ እውነተኛው እርሱ ነው።

ይህ ማለት ሰው የእጅ ሥራን ፈጽሞ አይወድም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የግብይት ምርምር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ለሚወዱት ሰው ስጦታ ሲገዙ በእጅ የተሠራውን የመግዛት ፍላጎታቸው ይጨምራል፤ ምክንያቱም ዕቃው የሠሪውን ፍቅር የያዘ መስሎ ይሰማቸዋል። ለሩቅ ሰው ሲሆን ግን ይህ አይታይም። ከዚህ የሚወሰድ ተግባራዊ ነገር አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት የፈጀ ሥራ ለእህት፣ ለአራስ ጓደኛ፣ ውጭ አገር ላለች ልጅ ይሰጥ፤ ለመሥሪያ ቤት አለቃ የተገዛ ነገር ይበቃል። በሩቅ ሰው ፊት የሚመዝነው የሱቁ ዋጋ ብቻ ነው።

ማስታወቂያው ሳያንስ የእጅ ሥራን ስም የሚያጠፋው የመጀመሪያው እጥበት ነው። የሱፍ ክር በሙቅ ውኃ ሲታሽ ተኮማትሮ ይጠጥራል፣ አይመለስም። አክሪሊክ የጋለ ካውያ ሲነካው ይልፈሰፈስና ተለጥጦ የመመለስ ባሕርዩን ለዘለቄታው ያጣል። ከባድ የጥጥ ሥራ እርጥብ ሆኖ ከተሰቀለ በክብደቱ ይረዝማል። ቀይ ክር ከነጭ ጋር የሚሠራ ከሆነ አስቀድሞ ቁራጩ ከነጭ ጨርቅ ጋር ለብ ባለ ውኃ ይሞከር፤ ቀለም ከለቀቀ ክሩ ይቀየር። በጣም የተለመደው ጥፋት የክር ጫፍን አሳጥሮ መቁረጥ ነው። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ተትቶ በመርፌ በሦስት አቅጣጫ ካልተደበቀ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብቅ ይልና ሥራው ከዚያ ይተረተራል። ለሕፃን ሲሆን ጣት የሚገባበት ሰፊ ቀዳዳ አይኑርበት።

ፋብሪካ በልብሱ አንገት ላይ የሚሰፋውን መረጃ ለእጅ ሥራም ማድረግ ያስፈልጋል። ትንሽ ካርድ ላይ የክሩ ዓይነት፣ «በ30 ዲግሪ ይታጠብ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ» የሚል ቃልና የሠሪዋ ስም ይጻፍ፤ የፈጀው ሰዓትም ቢጻፍ ተገቢ ነው። ዋጋ ግን አይጻፍ። ከተረፈው ክር አሥር ሜትር ያህል ተጠቅልሎ አብሮ ይሰጥ፤ አንድ ቀን ቀዳዳ ሲፈጠር ያንኑ ቀለም ከገበያ ማግኘት ይከብዳል።