በሰሜን ሸዋ ሥጋ መብላትን ስለ መቀነስ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ባለው ደጋ፣ ሥጋ የመቀነስ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው «እኛማ ጾመኞች ነን፤ ምክሩ ለፈረንጅ ነው» ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ከሥጋና ከወተት ይታቀባሉና። ሆኖም የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም ከሚመዝን የበሰለ ቀይ ሥጋ እንዳይታለፍ ይመክራል። በፍስክ ሰሞን ሥጋ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ለብቻው የሚያዝዝ ሰው የሳምንቱን ልክ በአንድ ገበታ ደረሰበት ማለት ነው።

«ሽሮ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም» የሚለው ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ጤፍና ስንዴ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ በዚሁ የበለጸጉ ናቸው፤ ስለዚህ እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። እውነተኛው ጉዳይ ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን ነው። ከእህል የሚገኘው ብረት ከሥጋው ይልቅ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል። ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከወጡ ጋር ሲበላ ያግዘዋል፤ ከማዕድ እንደተነሱ የሚጠጣ ቡና ወይም ሻይ ግን ያግደዋል፤ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ይሻላል (ቡናው እየተቆላ ለተቀመጠ እንግዳ ይህን መንገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ)።

በአንጻሩ ሥጋ መቀነስ ለሁሉም ይበጃል ማለትም ስሕተት ነው። ቫይታሚን ቢ12 በሽሮም በጎመንም አይገኝም። እንቁላሏን ለገበያ አውጥታ ለሕፃኗ ነጭ ገንፎ ብቻ የምትሰጥ እናት፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚያስፈልጋት ምክር ተቃራኒው ነው፤ ልጁ ከስድስት ወሩ ጀምሮ እንቁላል፣ ወተት፣ ሲገኝም በደንብ የበሰለ ሥጋ ይሻል። ጥሬ ሥጋን በተመለከተ፣ አረቄም ሆነ ሚጥሚጣ የኮሶ ትልን እጭ አይገድሉም፤ የሚገድለው እስከ ውስጡ የዘለቀ እሳት ነው።

«የአየር ንብረቱን ያበላሸው የመኪና ጭስ ነው፤ በሬ ምን አጠፋ?» የሚሉም አሉ። በሬ፣ በግና ፍየል ሲያመሰኩ በሆዳቸው ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ሚቴን ያመነጫሉ፤ እንስሳቱም በግሳት ያወጡታል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያምቃል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት፣ የእንስሳት እርባታ የሰው ልጅ ከሚያስከትለው ልቀት 12 በመቶ ገደማውን ይይዛል።

ከዚህ ተነስቶ «የመንዝ በግ ይጥፋ» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። ገብስ በውርጭ በሚመታበት ከፍታ ላይ በጉ ሰው የማይበላውን ሣር ወደ ሥጋ፣ ጠጉሩንም ወደ በርኖስና ባና የሚያስለውጥ ሀብት ነው፤ በሬውም ያርሳል። ጉዳቱ የሚመጣው ግጦሹ ከልክ ሲያልፍ፣ እበቱም ማሳ ላይ በመዋል ፈንታ ኩበት ሆኖ ሲነድ ነው። በመንዝ የጓሳ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ነባር የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት፣ በኋላም እሱን በተካ የማኅበረሰብ ደንብ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በቀጠሮ እየከፈተ በማጨዱና በማስጋጡ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያው አሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ምንጃር ሸንኮራ ወይም ሞረትና ጅሩ ያለ ገበሬ ደግሞ ጤፉን ወይም ስንዴውን ከሽምብራና ከምስር ጋር የሚያፈራርቀው፣ ጥራጥሬው ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ስለሚያስገባ ነው፤ ከተሜው ከጥብስ ፈንታ ምስር ወጥ ባዘዘ ቁጥር የዚህን ገበሬ ምርት ይገዛል።