ወሲባዊ ትንኮሳ ምንድን ነው? ሕጉ የሚለውና የሚቆጥረው ቀን

ጅማ ውስጥ ቡና የሚለቀምበት መጋዘን ገብቶ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ፤ ካቦው በመሀል እየተዘዋወረ ይቆጣጠራል። ማታ ላይ ነገ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቀር የሚናገረውም እሱ ነው። እንበልና ካቦው አንዷን ለቃሚ "ስንወጣ ሻይ እንጠጣ" አላት። ሻይ መጋበዝ ወንጀል አይደለም። "ልጅ ጥዬ ነው የምመጣው፣ ይቅርብኝ ጋሼ" አለችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሻዩ ቀርቶ "ቤቴ ነይ" ሆነ። እምቢ ስትል "ታዲያ ሥራ ስትፈልጊ ብቻ ነው የምታውቂኝ?" አላት። ሰኞ ስትመጣ ስሟ ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ከዚህ ሁሉ ሕጉ የሚይዘው የትኛውን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርጉሙን በአንቀጽ 2 አስቀምጦታል። ሌላውን ሰው ያለፈቃዱ፣ በንግግር፣ በምልክት ወይም በማንኛውም ሌላ መንገድ ለወሲብ እንዲፈቅድ መጠየቅ ወይም ማግባባት ወሲባዊ ትንኮሳ ነው። ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲጨመርበት ስሙ ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል። ስለዚህ መንካት የግድ አይደለም። "ቤቴ ነይ" ብቻውን፣ ያውም እምቢታው ከተነገረ በኋላ፣ ትርጉሙ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው "አልነካትም እኮ!" ሲል የተከራከረ ይመስለዋል፤ በዚህ አዋጅ ፊት ግን መከራከሪያ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ። አዋጁ የሚያየው ጥያቄን ነው። ምንም ሳይጠይቅ ቀኑን ሙሉ ስለ ሴቶቹ ገላ የሚቀልድ፣ ስድ ነገር የሚናገር ሰው በዚህ ትርጉም በቀላሉ አይያዝም። በ2010 የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ነገሩን ሰፋ አድርጎ ነበር የዘረዘረው። ያልተፈለገ መሳም፣ መዳበስና መቆንጠጥ፣ እየተከታተሉ መንገድ መዝጋት፣ ወሲብን ለቅጥር፣ ለእድገት ወይም ለዝውውር ቅድመ ሁኔታ ማድረግ በስም ተጠቅሰው ነበር። የግሉ ዘርፍ ሕግም እንዲህ ቢዘረዝር ኖሮ ለቡና ለቃሚዋ ሥራው በቀለለላት ነበር ባይ ነኝ።

"እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ውል እንኳን የለኝም" የሚለው ቃል ጅማ ውስጥ ከመጋዘን እስከ ሆቴል ወጥ ቤት ይሰማል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብት አያሳጣም። በቃል የተደረገ የሥራ ውል ውል ነው፤ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን ባለማድረጉ የሚጎዳው ሠራተኛው እንዳይሆን አዋጁ ራሱ ደንግጓል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ልጅም፣ ሕርማታ መርካቶ ሱቅ የምትሸጥም፣ ካፌ የምታስተናግድም በዚሁ አዋጅ ሥር ናት። ወንድም ቢሆን ያው ነው፤ ትርጉሙ ጾታ አይለይም።

ከአዋጁ ውጭ የቀረችው የቤት ሠራተኛ ናት። የግል ቤት አገልግሎት በአዋጁ አይሸፈንም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምናነሳው የካሳ ድንጋጌ ለእሷ አይሠራም። የቀራት የወንጀል ሕጉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ከማንም በላይ ተዘግቶባት የምትኖረው እሷ ሆና ሳለ ሕጉ እሷ ዘንድ ሲደርስ መሳሳቱ አሳፋሪ ነው። በባጃጅ ተራ ወይም በመንገድ ላይ የሚደርስ ለከፋም ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ስለሆነ ጉዳዩ የሚታየው በወንጀል ሕግ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፤ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ትንኮሳ የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን የማቋረጥ መብት አለው፤ አንቀጽ 32 ነው። ካቦው እንደ ሥራ መሪ ይቆጠራል ወይ የሚለው ራሱ ሊያከራክር ይችላል፤ መቅጠርና ማሰናበት በእጁ ከሆነ ግን ክርክሩ ወደ ለቃሚዋ ያደላል። በዚህ ምክንያት ሥራ የለቀቀ ሰው ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የቀን ደመወዙ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል። በሌላ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ የለቀቀ የሚያገኘው በ30 ተባዝቶ ነው። በቀን 200 ብር የምታገኝ ለቃሚ እንግዲህ ካሳዋ ብቻ 18,000 ብር ይደርሳል ማለት ነው። ሕግ አውጪው ይህን በሦስት እጥፍ ማሳደጉ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

መብቱ ግን ጊዜ አለው። ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀን ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቁ መብት ይቀራል። የሥራ ቀን ስለተባለ እሑድና የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም፤ በግምት ሦስት ሳምንት ያህል ነው። እስቲ አስቡት፦ የመጀመሪያው ሳምንት በድንጋጤ ያልፋል፣ ሁለተኛው "ለማን ይነገራል?" በሚል ይሉኝታ፣ ሦስተኛው "እስቲ ደመወዝ ልቀበል" ሲባል። ከዚያ ስትነሳ ቀኑ አልፏል። ድርጊቱ እየተደጋገመ ከሆነ ግን ቆጠራው የሚጀምረው ከቆመበት ቀን ስለሆነ፣ የመጨረሻው መልእክት ወይም የመጨረሻው ንግግር መቼ እንደነበር መያዝ ጥቅም አለው።

ዝም ብሎ መቅረትም ሌላ ወጥመድ ነው። ስልክ ዘግታ የቀረች ሠራተኛ ከመዝገቡ ላይ "ጠፋች" ተብላ ትጻፋለች። አዋጁ የሚፈልገው የምትለቅበትን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ደብዳቤው የተራቀቀ መሆን የለበትም። "በእንዲህ ያለ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ለወሲብ ጠይቆኝ እምቢ ስላልኩ ከሥራ አስቀርቶኛል፤ በዚህ ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን አቋርጫለሁ" ብሎ ቀን ጽፎ መፈረም ይበቃል። አንዱን ቅጂ አሠሪው እንዲፈርምበት መጠየቅ፣ አልፈርም ካለ ሁለት ሰው ባለበት ሰጥቶ መምጣት ያስፈልጋል። ክፍያውን በፍርድ ቤት ለመጠየቅ ደግሞ ሥራው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር አለ።

ሥራውን መልቀቅ ግዴታ ነው ወይ? አይደለም። አቤቱታውን ለድርጅቱ አቅርቦ እዚያው መሥራት ይቻላል። ትንኮሳውን የፈጸመው የሥራ ባልደረባ ከሆነም ድርጊቱ በአዋጁ የተከለከለ ነው። አሠሪው ይህን ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከፈለገ ግን ነገሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ብቻ ነው ያለው። "እናጣራለን" እየተባለ ወራት ከተገፋ የአሠሪውም እጅ ይታሰራል።

የወንጀል ሕጉ የራሱ መንገድ አለው። በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ በአንቀጽ 625 የሚናገረው ስለ ሥልጣን ነው። አሳዳጊ፣ አስተማሪ፣ ጌታ ወይም አሠሪ በመሆኑ ያገኘውን የበላይነት፣ ወይም የሴትየዋን ችግር ተጠቅሞ ወሲብ ወይም መሰል ድርጊት የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል። አስተማሪ በስም መጠቀሱን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልብ ሊሉት ይገባል። "ቢሮዬ ነይ፣ ግሬድሽን እንነጋገርበታለን" የሚለው ንግግር ወደ ድርጊት ከተሸጋገረ አንቀጹ ይመጣል። በጥያቄ ደረጃ የቀረ ከሆነ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም፣ ሥራ እስከማሳጣት ይደርሳል። 625 የሚያስከስሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ መሆኑን፣ የማቅረቢያ ጊዜውም አጭር መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

በኃይል ወይም በዛቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከወሲብ ግንኙነት መለስ ያለ በኃይል የተፈጸመ ድርጊት በአንቀጽ 622 እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። እነዚህ የግል አቤቱታ አይጠብቁም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በጃርሱማ (በኦሮሞ የሽማግሌ ዕርቅ) ይቅር ተባብለው፣ በግ ታርዶ ቢያልቅ እንኳ ዐቃቤ ሕጉን አያስቆመውም። በ1949 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ክሱ የሚቀርበት መንገድ ነበረ። የ1996ቱ ሕግ ይህን አስወግዶታል። ዛሬም "ያግባት፣ ነገሩ ይሸፈን" የሚል ሽማግሌ ካለ የሚናገረው በሌለ ሕግ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ከፖሊስ ጣቢያም በፊት ሐኪም ቤት መድረስ ይቻላል። ኤች.አይ.ቪ. እንዳይተላለፍ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅምም፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ገላ ሳይታጠቡ፣ ልብሱን ሳያጥቡ መሄድ ለምርመራው ይረዳል። ልብሱ በፌስታል ታፍኖ ከሚቆይ በወረቀት ቢጠቀለል ይሻላል።

ማስረጃን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ያየ ሰው ከሌለስ?" ብሎ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ምስክር ካልቀረበ ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ዳኛው የቀረበለትን መዝኖ ይወስናል። ያን ዕለት ማታ ለእህቷ ደውላ ማልቀሷ፣ በማግስቱ ለጓደኛዋ መንገሯ፣ ስሟ ከዝርዝሩ የወጣበት ቀን፣ የስልክ ጥሪው ሰዓት ሁሉም ይጨመራሉ። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ስክሪንሹት ማንሳት፣ ስልክ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል። በስልክ እየደጋገሙ መልእክት በመላክ ማስፈራራትና ማስጨነቅ ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ድምፅን በስውር ስለመቅዳት ግን አስቀድሞ ጠበቃ ማማከር ይሻላል።

የተከሰሰው ሰውስ? እሱም መብት አለው፤ ይህን መናገር ለአጥፊ ማገዝ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። ሲያዝ ዝም የማለት መብት አለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጥሪ ሲደርሰው ከሳሿ ቤት ሽማግሌ መላክ ወይም ደውሎ መለማመጥ ራሱን የሚጎዳበት ነገር ነው፤ መልእክቶቹን ሳያጠፋ ይዞ፣ የት እንደነበረና ከማን ጋር እንደነበረ ጽፎ ጠበቃ ዘንድ መሄድ ይሻለዋል።

"ነጻ ከወጣ እሷ በሐሰት ከሰሰች ተብላ ትታሰራለች" የሚለው ወሬ ብዙ ሴቶችን አስፈርቷል። በሐሰት መወንጀል የሚባለው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሲከሱት ነው። ማስረጃ አንሶ ክስ መውደቁና እያወቁ መዋሸት የተለያዩ ናቸው።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ስም ጠርቶ መለጠፍ ግን ሌላ መዘዝ አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ሰውን ለማዋረድ ታስቦ ለሦስተኛ ወገን የተነገረ ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ ሊያስቀጣ እንደሚችል ይናገራል። ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የተናገረ ሰው የሚከላከልበት መንገድ አለ፣ ነገር ግን ማስረዳቱ በእሱ ላይ ይወድቃል። ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለአሠሪ በቅን ልቦና አቤት ማለት ከዚህ ጋር አይገናኝም። በደል ደርሶባት፣ ሰሚ አጥታ፣ በንዴት የለጠፈች ልጅ በስም ማጥፋት ስትከሰስ ማየት ያናድዳል። ሕጉ ግን እስካሁን እንዲህ ነው፤ ስለዚህ አቤቱታው ይቅደም።

ጅማ ላይ በር የሚያንኳኩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ከፖሊስ ጣቢያ ነው። ጠበቃ መቅጠር ላልቻለ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፤ አቤቱታ ጽፎ ከመስጠት ይጀምራል። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር ባለጉዳይ ይህን ሲያስመዘግብ ቢናገር፣ ደብዳቤዎቹንም አስቀድሞ ቢያስተረጉም ቀጠሮ አይበላበትም። ለተከሳሽ ደግሞ በማይገባው ቋንቋ ሲከሰስ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ማግኘት የሕገ መንግሥት መብቱ ነው።