ስለ ጊታር ማልቲ ኢፌክት የሚወራውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጊታር አስተምራለሁ። ሰርግ ላይም እጫወታለሁ። ጥር ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ቲቸር፣ ማልቲ ኢፌክት ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። ማልቲ ኢፌክት ብዙ የድምፅ መቀየሪያዎችን በአንድ ያጨቀ፣ በእግር የሚረገጥ የጊታር ዕቃ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚያናድደኝ አብሮት የሚመጣው ወሬ ነው። ሱቅ የሰሙትን፣ ጓደኛ የነገራቸውን እንደ እውነት ይዘውት ይመጣሉ። ስንት ወር የተጠራቀመ ብር በዚያ ወሬ ሲቀልጥ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ድምፁ የሚያስጠላው ርካሽ ስለሆነ ነው»

ይህን መስማት በጣም ሰልችቶኛል። ከሁሉም በላይ ብር የሚያስወጣውም ይኸው ነው።

ልጁ ቤቱ በትንሽ የጊታር አምፕ፣ ማለትም በጊታር ማጉያ፣ ይለማመዳል። ድምፁ ያምራል። ሰርግ ላይ ግን አምፕ የለም፤ ጃኩ በቀጥታ የሁሉም ድምፅ የሚቀላቀልበት ሚክሰር ላይ ይሰካል። ድምፁን የሚያሻክረውን ኢፌክት፣ ዲስቶርሽኑን፣ ሲረግጠው ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። ከዚያ «ዕቃው ርካሽ ነው» ይባላል። ይሸጥና ውድ ይገዛል።

ዕቃው እኮ ምንም አልሆነም። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ጆሮ የሚሰነጥቀው የዲስቶርሽን ጫፍ እዚያው ይቀራል። የሰርግ ስፒከር ግን ለዘፋኙም ለኪቦርዱም የተሠራ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ አንድ ሳያስቀር ያወጣዋል። ለዚህ ነው ማልቲ ኢፌክቱ ውስጥ የጊታር ስፒከርን የሚያስመስል ክፍል ያለው። ካቢኔት ሲሙሌሽን ይባላል። ሚክሰር ላይ ስትሰኩ ክፈቱት። ጊታር አምፕ ላይ ስትሰኩ ዝጉት። አለበለዚያ ስፒከር በስፒከር ይደረብና ድምፁ ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል።

አምና ጥር ሸዋ ሮቢት ሰርግ ነበረን። አንድ ተማሪዬ የመጀመሪያ ዕቃውን ሸጦ፣ ብር ጨምሮበት፣ ውድ የሚባለውን ይዞ መጣ። ሳውንድ ቼክ ላይ አንድ ኮርድ መታና እጁን ከክሩ አነሳ። «ቲቸር፣ ይሄም ያው ነው» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ተንበርክኬ ሜኑውን ከፈትኩት። አውትፑቱ «ኮምቦ አምፕ» ይላል፤ ለጊታር አምፕ የሚሆነው ማለት ነው። ለሚክሰር ወደሚሆነው «ላይን» ቀየርኩትና «እስኪ አሁን ምታው» አልኩት። መታው። ሳውንድማኑ ገመድ መጠቅለሉን ትቶ ዞረ። ልጁ ግን አልሳቀም። የሸጠው ዕቃ ትዝ ብሎት ነው። ያኛውም የጎደለው ይኸው አንድ ማስተካከያ ብቻ ነበር።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት «የት ነው የምሰካው?» በሉ። ከደብረ ሲና እስከ አንኮበር በየሰርጉ ዞሬያለሁ። የጊታር አምፕ ያገኘሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሁልጊዜ ሚክሰር ነው። እንግዲያው የምትገዙት ዕቃ ካቢኔት ሲሙሌሽኑ ጥሩ ይሁን፤ ለመክፈትና ለመዝጋትም የማያስቸግር። አቅም ካላችሁ አይ አር የሚቀበል ፈልጉ። አይ አር ማለት የእውነተኛ ስፒከር የድምፅ አሻራ የተቀዳበት ፋይል ነው። «ላይን 6» የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ፖድ ጎና ኤችኤክስ ስቶምፕ ይቀበላሉ።

«ኢፌክቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። ዙም ጂ1 ፎር የሚባለው ማልቲ ኢፌክት ከ60 በላይ ኢፌክት አለው። አንዴ የሚሠሩት ግን 5 ናቸው። አምፑ አንድ ቦታ ይይዛል፣ ካቢኔቱ አንድ ቦታ ይይዛል። የቀራችሁ 3 ነው። ዲስቶርሽን፣ ድምፁን የሚደግመው ዲሌይ፣ የሚያስተጋባው ሪቨርብ፤ አለቀ። ለሰርግ ደግሞ ይበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ በእግር የሚረገጡትን ቁልፎች ቁጠሩ። ጭፈራው ሲደምቅ ጎንበስ ብሎ ሜኑ የሚፈልግ ጊታሪስት ባንዱን ያስቆማል። በእግር እየተጫኑ «ዋ-ዋ» የሚያሰኙትን ድምፅ፣ ዋዋን፣ የምትወዱ ከሆነ የእግር ፔዳል ያለውን ጂ1ኤክስ ፎርን ውሰዱ፤ ጂ1 ፎር ያ ፔዳል የለውም።

«ሃርሞናይዘር ካለው ብቻዬን ሁለት ጊታር እሆናለሁ»

ሃርሞናይዘር በምትመቱት ኖታ ላይ ሌላ ኖታ የሚደርብ ኢፌክት ነው። ለፈረንጅ ዘፈን ሊሆን ይችላል። ለእኛ ቅኝት ግን ተጠንቀቁ። ትዝታን ከሲ ስንነሳ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። ሃርሞናይዘሩን ሲ ሜጀር ላይ አድርጋችሁ «ሦስተኛ» ብትሉት፣ ዲ ስትመቱ ኤፍ ይጨምርላችኋል። ጂ ስትመቱ ቢ ይጨምራል። ሁለቱም ትዝታ ውስጥ የሉም። እናቶች ምክንያቱን ባያውቁትም ጆሯቸው ያውቀዋል፤ ዜማው እንደተበላሸ ወዲያው ይሰማቸዋል። የራሳችሁን ስኬል የምትሞሉበት ዕቃ ካልሆነ፣ ለሃርሞናይዘሩ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

«ያለ ማልቲ ኢፌክት ጥሩ ጊታር አይወጣም»

ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከኢቤክስ ባንድ ጋር ሲጫወት ዛሬ የምናውቀው ዲጂታል ማልቲ ኢፌክት ገና አልነበረም።

«ቤዝ ከተሰካበት ይቃጠላል»

አይቃጠልም። ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ይሳሳል እንጂ።

«ቻርጀር ሁሉ አንድ ነው፤ ከገባ ይሠራል»

አይደለም! የመጀመሪያ ፔዳሌን ያጣሁት በዚህ ነው። የእኔ አዳፕተር ቤት ቀርቶ የኪቦርዱን ሰካሁ። ልክ ገባ። የፔዳሉ መብራት አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። የጊታር ኢፌክት በአብዛኛው 9 ቮልት ይፈልጋል፤ የሚሰካው ጫፍ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። ብዙ የያማሃ ኪቦርድ አዳፕተር ደግሞ 12 ቮልት ነው፤ መሐሉም ፖዘቲቭ ነው። አዳፕተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥዕል አንብቡ። አምፔሩንም እዩ፤ ኤችኤክስ ስቶምፕን የመሰለው 3 አምፔር ይፈልጋል። ዘመድ ከአሜሪካ ከላከላችሁ ደግሞ «100-240» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

ጂ1 ፎርና ቦስ ጂቲ-1 በ4 ትንንሽ ባትሪ ድንጋይም ይሠራሉ። ጄነሬተር በሚነሳበትና በሚጠፋበት ድንኳን ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሰርግ ስሄድ ድንጋይ ሳልይዝ አልወጣም።

«ፕሪሴቱ ካላማረ ማሽኑ አይረባም»

ፕሪሴቱ፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ድምፅ፣ የተሠራው ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሲሰማ እንዲያስደንቅ ነው። ሪቨርቡ ሞልቶ ይፈሳል። አዳራሹ የራሱ ማስተጋባት አለው፤ ስለዚህ ግማሹን ቀንሱ። ዲሌዩን ከከበሮው ጋር አስማሙ። 60,000ን ለዘፈኑ ቢት በደቂቃ አካፍሉ፤ ለ120 ቢት 500 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ያልሻከረውን የክሊኑንና የሶሎውን የሊዱን ድምፅ መጠን ቤት ሳይሆን ከፍ ባለ ስፒከር ላይ አመጣጥኑ።

ለመግዛት አዲስ አበባ ስትወርዱ የራሳችሁን ጊታርና ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ባለው ምርጥ የጊታር አምፕ ላይ ሊሰካላችሁ ይፈልጋል። እሺ በሉት። ከዚያ «እባክህ እዚያ ሚክሰር ላይም ሰካልኝ» በሉት። ካቢኔቱን ራሳችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት፣ ልዩነቱን ስሙት። ካልተስማማችሁ እዚያው ቀይሩት። ለመቀየር ተመልሶ መሄድ 130 ኪሎ ሜትር ነው።