በቦውሊንግ «የሌይን ሁኔታ» ምንድን ነው?

በቦውሊንግ የሌይን ሁኔታ ሲባል በዋናነት ኳሱ በሚሄድበት ወለል (ሌይን) ላይ የተቀባው ዘይት መጠን፣ ርዝመትና አቀማመጥ ማለት ነው። ዘይቱ ስስ ስለሆነ ከሩቅ አይለይም። ተመልካች የሚያየው የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ከባድ ኳስና የሚወድቁ ፒኖችን (በሌይኑ ጫፍ የሚቆሙትን አሥር ዒላማዎች) ነው። አንድ ኳስ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት አወራወር ተወርውሮ ዛሬ ቀጥ ብሎ ሄዶ ነገ የሚታጠፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ስስ ሽፋን የተነሣ ነው።

ወሎ ውስጥ የቦውሊንግ ወሬ የሚሰማው በብዛት ከባሕር ማዶ ከሚመጡ ዘመዶች ነው። ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ለዓረፋ ደሴ መጥታ ሳለ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ያነሳችው ጥያቄ ይህን ጽሑፍ አስጀመረኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ኳሱ ያው፣ እጄም ያው፤ ባለፈው ፒኖቹን የመታሁበት አወራወር በሳምንቱ ኳሱን ከሌይኑ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ከተተብኝ። የማንን ጥፋት ልበለው?» አለችኝ። እጇንም ኳሱንም ከመውቀሷ በፊት ወለሉን ትመርምር የሚል መልስ ሰጠኋት። ምክንያቱ ረዘም ያለ ነው።

ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን ያለው ርቀት 60 ጫማ፣ በሜትር 18.29 ነው። ስፋቱ ግን አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀድሞ ከእንጨት ሳንቃ ይሠራ ስለነበረ ዛሬ ሰው ሠራሽ በሆነው ወለል ላይም 39 የሳንቃ መስመሮች ይቆጠራሉ፤ ተጫዋቾች ቦታ የሚጠቁሙት «አሥረኛው ሳንቃ»፣ «አሥራ አምስተኛው ሳንቃ» እያሉ ነው። ዘይት መቀባት የተጀመረውም እንጨቱን ከኳሱ ፍትጊያ ለመጠበቅ ነበር። አሁን ሥራውን ማሽን ይሠራዋል። ለአንድ ሌይን የሚበቃው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። ዘይቱ ከመወርወሪያው አካባቢ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ እስከ 40 ጫማ ድረስ ይዘልቅና ያበቃል። ከዚያ እስከ ፒኖቹ ያለው 20 ጫማ ደረቅ ነው። ትልቁ ጉዳይ ይህ ወሰን ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ጥሩ ተጫዋች የወረወረው ኳስ በሰከንድ ስምንት ሜትር ያህል ይጓዛል። የኳሱ ዙሪያ 68 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ሳይንሸራተት እንዲንከባለል በሰከንድ 12 ጊዜ፣ በደቂቃ 700 ጊዜ ያህል መዞር ይኖርበታል። ከእጅ ሲወጣ ግን በደቂቃ የሚዞረው 300 ጊዜ አካባቢ ነው። እንግዲህ ኳሱ መጀመሪያ ላይ ተንከባለለ የሚመስለን ለዓይን ነው እንጂ የሚያደርገው መንሸራተት ነው። በዚያ ላይ ተጫዋቹ በጣቶቹ ወደ ጎን ስለሚያሾረው ሽክርክሪቱ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር አይገጥምም፤ ሰያፍ ነው። ሽክርክሪቱ ኳሱን ወደ ጎን ሊወስደው የሚችለው ግን ወለሉ ሲይዘው ነው። ዘይት ባለበት ቦታ የሰበቃው (ወለሉ ኳሱን የሚይዝበት) መጠን በግምት 0.04 ሲሆን በደረቁ ላይ 0.2 ይደርሳል፤ አምስት እጥፍ ማለት ነው።

በክረምት ሐረጎን የወረደ ሾፌር ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው በዚያ ቁልቁለት ላይ ከከባድ መኪና የፈሰሰ ዘይት ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ሲያሟልጨው መሪው ቢጠመዘዝ እንኳ መኪናው ቀጥ ብሎ መንሸራተቱን አይተውም። ጎማው እንደተጠመዘዘ ደረቅ አስፋልት የነካ ጊዜ ግን መኪናው በአንድ አፍታ ወደ ጎን ይወረወራል። ኳሱም እንዲሁ ነው። ከእጅ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ ጎን ይሾራል፤ ዘይቱ ላይ እስካለ ድረስ ግን ሽክርክሪቱ እምብዛም ጉዞውን አይለውጠውም። ዘይቱ ሲያልቅ ወለሉ ይይዘውና ይታጠፋል። በመጨረሻም የመሬት ጉዞውና ዙረቱ ሲመጣጠኑ መንሸራተቱ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም፣ በያዘው መስመር ይንከባለላል። መንሸራተት፣ መታጠፍ፣ መንከባለል፦ ከሁለት ሰከንድ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሦስቱም ያልፋሉ። ኳሱ መንከባለል ከጀመረ በኋላ ፒኖቹን ሲመታ ጉልበቱን በሚገባ ያሳርፋል። እየተንሸራተተ ከደረሰ በቀላሉ ወደ ጎን ይገፋል፤ ገና ከሩቅ መንከባለል ከጀመረ ደግሞ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቅና ይዳከማል።

መታጠፉስ ለምን ይፈለጋል? ሌይኑ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ቀጥ ያለ ኳስ ወደ ፒኖቹ የሚገባው በጣም አነስተኛ በሆነ ማዕዘን ነው። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆነ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ፒን መካከል ስድስት ዲግሪ ያህል አጋድሎ የገባ ኳስ ግን አሥሩንም የመጣል ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህን ማዕዘን የሚያስገኘው መታጠፉ ብቻ ነው።

ዘይቱ በወርድም እኩል አይቀባም። ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የቦውሊንግ ቤቶች በተለምዶ መሃሉን ያወፍሩና ጠርዞቹን ያሳሱታል፤ ልዩነቱ አሥር ለአንድ ሊደርስ ይችላል። ይህ አቀባብ ለተጫዋቹ ያደላል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ወደ መሃል ቢስት ኳሱ ዘይት ላይ ይንሸራተትና ከመጠን በላይ አይታጠፍም፤ ወደ ጠርዝ ቢስት ደግሞ ደረቁ ይይዘውና ወደ መሃል ይመልሰዋል። ስህተቱን ወለሉ ያርምለታል። ለውድድር የሚዘጋጀው ግን ሦስት ለአንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ልዩነት ያለው ነው፤ እዚያ ሁለት ሳንቃ መሳት ዋጋ ያስከፍላል። በመዝናኛ ቤት 200 ነጥብ የሚያስመዘግብ ሰው ውድድር ላይ በድንገት የሚወርደው በዚህ ነው። እኔ እንደማስበው ዘይቱ እንዴት እንደተቀባ ሳይነገር የሚነገር ነጥብ ግማሽ መረጃ ነው።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አንድ ቀላል ስሌት አላቸው፦ ከዘይቱ ርዝመት በጫማ 31 ይቀንሳሉ። ዘይቱ 40 ጫማ ከሆነ የሚቀረው 9 ነው፤ ኳሱ ዘይቱን ሲለቅ ከጠርዝ ዘጠነኛው ሳንቃ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ስሌቱ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ኳሶችም በሽፋናቸው ይለያያሉ። በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ለስላሳ ስለሆኑ ደረቁ ላይ እንኳ ብዙ አይታጠፉም። በ1980ዎቹ ዩሬቴን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪአክቲቭ ሬዚን የሚባለው መጣ፤ (ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን ነው)። የኋለኛው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ዘይት ይመጥጣል፣ ወለሉንም ይይዛል። የገጹ ሻካራነትም ትልቅ ድርሻ አለው። በ500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የታሸ ኳስ ወፍራም ዘይት ላይ ሳይቀር ቀድሞ ይይዛል፤ የተወለወለው ሩቅ ተንሸራትቶ ደረቁ ላይ ሲደርስ ጠንከር ብሎ ይታጠፋል። ስለዚህ ዘይት ሲበዛ ሻካራ፣ ሲያንስ ለስላሳ ይመረጣል።

የአክስቴ ልጅ የራሷን ኳስ ከወረወረች በኋላ ሳትወለውል ፎቶ እንድታነሳ ጠይቄያት ላከችልኝ። ጥቁር ሰማያዊው ገጽ ላይ ቀጫጭን የዘይት ቀለበቶች ይታያሉ፤ በሁለት ቦታ ይገናኛሉ፣ መሃል ላይ ይራራቃሉ። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ዙር ነው። ኳሱ ውስጥ ያለው ከባድ እምብርት የሽክርክሪቱን ዘንግ ቀስ በቀስ ስለሚያዛውረው በየዙሩ ወለሉን የሚነካው ዘይት ያልነካው አዲስ ገጽ ነው። የፕላስቲክ ኳስ ላይ እነዚህ ቀለበቶች ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር ይሆናሉ። ሁለቱን ኳሶች ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንዱ መታጠፍ የሌላው ደግሞ ቀጥ ማለት ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ጥያቄዋን የሚፈታው ግን ሌላም ነገር ነው፦ ዘይቱ በጨዋታው መሃል ይለወጣል። ኳሶች በተደጋጋሚ የሚያልፉበትን መስመር ይመጥጡታል፤ በዚያ መስመር የሚሄድ ኳስ ቀድሞ መታጠፍ ይጀምራል። የተወሰነው ዘይት ደግሞ፣ በተለይ በፕላስቲክ ኳሶች፣ ወደ ደረቁ ክፍል ይወሰድና መታጠፉን ያዘገያል። አመሻሹ ላይ ሌሎች ብዙ በተጫወቱበት ሌይን የተጫወተ ሰውና ጠዋት አዲስ በተቀባ ሌይን የተጫወተ ሰው ሁለት የተለያዩ ወለሎች ላይ ነበሩ። መፍትሔው አወራወር መቀየር ሳይሆን ቦታ መቀየር ነው። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ኳሱ ከሚፈለገው በላይ ወደ ግራ ከታጠፈበት እግሩን ወደ ግራ ያንቀሳቅሳል፤ ሳይታጠፍ በቀኝ ካለፈበት ወደ ቀኝ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሳንቃ ያህል መንቀሳቀስ ጥሩ ጅማሬ ነው። ኳሱንም በየውርወራው መሃል በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ዘይት የያዘ ገጽ ወለሉን በደንብ አይዝምና።

የአየር ጠባይስ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሰባት ኪሎ ለሚመዝን ኳስ ይህ ለውጥ አያመጣም። የሙቀቱ ልዩነት ግን ያመጣል፤ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። አንድ ዓይነት ዘይት በአንድ ማሽን ደሴ ላይና ኮምቦልቻ ላይ ቢቀባ የደሴው ወፈር ብሎ ሊቆይ፣ የኮምቦልቻው ቀጥኖ ቶሎ ሊሳሳ ይችላል። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለቱም ከተሞች ላይ ሌይን ቢከፈት፣ ቤቶቹ የዘይቱን ዓይነትና የሚቀባበትን ልክ ለየብቻ መወሰን ይኖርባቸዋል።