የስፓ ሬዚስታንስ ምንድን ነው? በጨው ውሃ ውስጥስ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል?

ሬዚስታንስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የምጣዱን ነው፤ በሸክላው ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ የሚግለውን ሽቦ። የስፓ ወይም የጃኩዚ ሬዚስታንስም ውስጡ ያው የኒክሮም ሽቦ ነው። ልዩነቱ ሽቦው በማግኒዥየም ኦክሳይድ ነጭ ዱቄት ታሽጎ በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ መቀበሩ ነው። ዱቄቱ ሙቀቱን ወደ ውሃው ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ግን አያሳልፍም። ይህን ሥራውን የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ቱቦው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካበጀ እርጥበት ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ይሾልካል፣ የልኬጅ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ በጨው ስፓ ላይ «ሬዚስታንሱ ተቃጠለ» ሲባል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተበላው ሽቦው ሳይሆን ቱቦው ነው።

የጨው ስፓ ክሎሪኑን የሚያገኘው ሴል የሚባለው ክፍል በውሃው ውስጥ ካለው ጨው ስለሚያመርት ነው። ብዙዎቹ በሊትር 2 ግራም አካባቢ ጨው ይበቃቸዋል፤ 1,000 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 2 ኪሎ ማለት ነው። ከባሕር ውሃ (በሊትር 35 ግራም ገደማ) ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ምላስ ላይ እንኳ እምብዛም አይታወቅም። ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚሠራበትን አይዝጌ ብረት ለመጉዳት ግን ይበቃል። አይዝጌ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው እጅግ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ክሎራይድ ይህን ሽፋን እየሰበረ በአንድ ነጥብ ላይ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። በተለይ ውሃ በማይንቀሳቀስበት ቦታ፣ ማለትም ከጎማው ማሸጊያ ሥርና ከነጭ ቅርፊት (ከውሃው ወጥቶ ከሚጋገር ኖራ) ሥር ይበረታል። በገንዳው ላይ ያለው ጨው ከተፈቀደው በላይ ከሆነና ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.2 በታች ከወረደ ደግሞ ይፈጥናል።

ሌላ ሬዚስታንስ ከመግዛታችሁ በፊት የሞተውን አትጣሉት። ፈትታችሁ በደንብ ብርሃን ላይ አገላብጡት፤ ምን እንደገደለው ላዩ ላይ ተጽፏል። ቱቦው ንጹህ ሆኖ ጥቃቅን ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥቦች ካሉበት ዝገት ነው። በነጭ ቅርፊት ተሸፍኖ አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ኖራው አፍኖት ነው፦ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ቱቦው ከውስጥ ጋለ። ቅርፊት ሳይኖረው ላይኛው ወገኑ ብቻ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ አየር ይዞ በደረቁ ሠርቷል። ቱቦው ደህና ሆኖ የሽቦው መጋጠሚያ ከቀለጠ ጥፋቱ የላላ ብሎን ነው፤ ለዚህ ሬዚስታንስ መቀየር አያስፈልግም ነበር። ውሃችሁ ኖራ እንዳለበት ለማወቅ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩ።

ስፓው ያለው ጎጃም ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንዱ ከፍታው ነው። ውሃ ባሕር ዳር (1,800 ሜትር ገደማ) በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ማርቆስ (2,450 ሜትር ገደማ) ደግሞ በ92 አካባቢ ይፈላል። ገንዳው 38 ዲግሪ ቢሆንም ከቱቦው ጋር የሚነካካው ስስ ውሃ በጣም የጋለ ስለሆነ፣ ፍሰቱ ሲዳከም ቆላ ካለው ቀድሞ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ባለበት ቦታ ቱቦው ውሃ የለውም። የቆሸሸ ማጣሪያ እዚህ ይበልጥ ይጎዳል የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የመብራት መቆራረጥ ነው። ድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ የጋለው ሬዚስታንስ በቆመ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ኖራው ላዩ ላይ ይጋገራል። ሴሉ ውስጥ የቀረው ክሎሪን የበዛበት ውሃም ወደ ማሞቂያው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የውሃው መንገድ ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ በመጨረሻ ሴል መሆን አለበት፤ በማሞቂያውና በሴሉ መካከል ደግሞ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ይግባ። ሴሉ ከማሞቂያው በፊት የተገጠመ ከሆነ ስንት ሬዚስታንስ ብትቀይሩ አይረዳም።

አዲሱን ስትገዙ ለጨው የሚሆነው ቲታኒየም ነው። ከመግጠማችሁ በፊት በቴስተር ለኩት፦ በ220 ቮልት 3 ኪሎዋት የሆነ 16 ኦም ገደማ፣ 2 ኪሎዋት የሆነ 24 ገደማ ያሳያል። በሽቦውና በቱቦው መካከል ደግሞ በ500 ቮልት ሜገር (የኤሌክትሪክ መሾለክን የሚለካ መሣሪያ) ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ አትግጠሙት። ሌሊት ቮልቴጁን እዩ፤ 250 ከደረሰ ባለ 3 ኪሎዋቱ ወደ 3.9 ይጠጋል። የፍሰት ስዊቹን ፓምፑን አጥፍታችሁ ፈትኑት፤ ማሞቂያው አብሮ መጥፋት አለበት። የምድር ሽቦው ከማሞቂያው ቤትና ከፓምፑ ጋር መያያዙንም አረጋግጡ። ብሬከሩ ሲወርድ አልፎ በቀጥታ ማገናኘት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሰው የሚቀመጥበት ውሃ ነው።

ጨው ሲጨመር ማሞቂያው ይጥፋ፣ ፓምፑ ይሥራ፣ ጨውም በባልዲ ሟሙቶ ይግባ። አሞሌ አይሆንም፤ ካልሲየምና አፈር ይዞ ይመጣል። የወጥ ጨውም አዮዲን ስላለበት አይመረጥም። ንጹሕ፣ አዮዲን የሌለው ጨው ፈልጉ።

ፒኤቹን ከ7.4 እስከ 7.6 ያዙት። ሴሉ ሲሠራ ፒኤች ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ደግሞ ኖራ ይጥላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሁለት ቀን አንዴ መለካት ነው። አልካላይኒቲው (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው የውሃው አቅም) በሊትር ከ80 ሚሊግራም ከወረደ በ1,000 ሊትር 17 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ10 ያህል ያነሣዋል። ነጭ ቅርፊት ከጀመረ ሬዚስታንሱን ፈትታችሁ፣ የሽቦ መጋጠሚያውን ሳታርሱ፣ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉትና በለስላሳ ብሩሽ አጥቡት። በቢላ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ግን ያንኑ ስስ ሽፋን ይቧጥጠዋል፤ ቀጣዩ ቀዳዳ የሚጀምረውም ከጭረቱ ላይ ነው።